አሥራ አራተኛው ሥዕል አልመጣም

መጋቢት 11 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሥዕል አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ነበር። ሠላሳ ሰባቱ በስቱኮ ተደፍነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍገው አልቀዋል። አሥራ አምስቱ ክፍት ናቸው። አክስቴ የተገኘችው መሰላሉ ሥር ነው፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ስቱኮ የያዘውን ጣሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ትንሽ አረፍ ልበል ያለች ትመስል ነበር። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። አሥራ አምስቱን ቀዳዳ የደፈነ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ዳይሬክተሩ የራሱ ፎቶ ያለበትን ባነር ሰቅሎ ሸፍኗቸዋል፤ ባነሩም ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው።

በቀጣዩ ወር የወጣው የቤተ መጻሕፍቱ መጽሔት ስለ እሷ አራት መስመር ጻፈ። «ከሃያ ዓመት በላይ በድጋፍ ሰጪነት ያገለገሉና ለኪነ ጥበብ ዕድገት የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከቱ» ይላል። ያገለገለችው ሃያ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ነው። «ከሃያ ዓመት በላይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ፋይል መክፈት የሰነፈ ሰው ነው፤ ፋይሉ ያለው ደግሞ እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት፣ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ሃያ ስድስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶ ዳይሬክተሩ ሪባን ሲቆርጥ ያሳያል። አክስቴም በፎቶው ውስጥ አለች፤ በስተቀኝ ጫፍ፣ መሰላሉ ላይ የሚታየው ክርን የእሷ ነው። ለኪነ ጥበብ ዕድገት ምን እንዳበረከተች እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው የሰው ሥዕል በተራው፣ ቀጥ አድርጋ ትሰቅል እንደነበር ነው። ቀጥሎ የምጽፈውም ይህንኑ ነው።

ሰው ሁሉ «እትዬ ቱንቢ» ይላት ነበር። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳ መቅናቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። እሷም ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ነበረች። የተቀጠረችው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። የመጀመሪያው የማኅበረሰብ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ሥዕሎቹን የሚሰቅል አናጢ መጥቶ ነበር። እሷ ወለል ስትወለውል ቀና ብላ አየችና «ሦስተኛው ወደ ግራ ሰክሯል» አለችው።

«አንቺ መወልወያሽን ያዢ።»

«መወልወያዬማ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያልቆመው ያንተ ነው።»

አናጢው ተናዶ ለምሳ እንደወጣ ቀረ። እሷ መዶሻውን አነሳች፤ ከዚያ በኋላ የተቀበላት የለም። የሥራ መደቧን ግን ማንም አልቀየረላትም። በፋይሏ ላይ እስከ መጨረሻዋ ቀን «የጽዳት ሠራተኛ» እንደተባለች ነው።

ዐውደ ርእዩ በዓመት አንዴ ነው። የሰፈሩ ሰው የሠራውን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ይወጣል፤ ሊፍቱ ከቆመ ዘመን የለውም። አክስቴ በትልቁ መዝገብ ላይ ስሙን፣ ሙያውን፣ የሥዕሉን ርእስና በምን እንደተሠራ ትጽፋለች። የመዝገቡ ተራ ቁጥር የግድግዳው ተራ ቁጥር ይሆናል። ቀድሞ የመጣ በሩ አጠገብ፣ ዘግይቶ የመጣ መስኮቱ አጠገብ ይሰቀላል። ሐኪምም ይሁን ጫማ ጠጋኝ፣ የሥዕሉ መሀል ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። በስልክ ተመዝግቦ ሥዕሉን ያላመጣ ሰው ካለ ደግሞ ቦታውን ክፍት ትተውለትና «አልመጣም» የሚል ካርድ ትለጥፍበታለች። ሌላውን ወደዚያ አታስጠጋም። «ታክሲ አጥቶ ይሆናል» ትላለች፤ ሰውዬው የጠፋው ሁለት ሳምንት ቢሆንም።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ሥዕሎቹን ወዳ አይደለም። አብዛኞቹን ትንቅ ነበር፤ እንድትንቅም በቂ ምክንያት ነበራት። በሃያ ሰባት ዓመቱ መዝገብ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አንድ የፀሐይ መጥለቂያ ቆጥሬአለሁ። የፀሐይ መውጫ አንድም የለም። «የዚህ ሰፈር ሠዓሊ ጠዋት ጠዋት ተኝቶ ነው እንዴ የሚያረፍደው?» ትል ነበር። ፊቱን ያዞረ ፈረስ ሲመጣ «አፍንጫው ስላስቸገረው ነው»፣ እንባ ያቀረረ ትልቅ ዓይን ሲመጣ «ሽንኩርት» ትላለች። ትልቁ ዓይን በየዓመቱ ይመጣል። ከዚያ ውሃ ልኳን ታነሳና ፈረሱንም ሽንኩርቱንም እኩል ጊዜ ሰጥታ፣ ለክታ ትሰቅላለች። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት «ሥዕሉ መጥፎ ከሆነ የእሱ ጥፋት ነው። ከተጣመመ ግን የኔ ነው» አለችኝ።

በየዓመቱ ከሚመጡት አንዱ ቁልፍ ቀራጩ ነበር። ከአውቶቡሱ መጨረሻ ማቆሚያ ጎን ሁለት ሰው የማያቆም የቆርቆሮ ኪዮስክ አለው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሲጠራው ሄዶ ይከፍትለታል፤ ቤቱ ሲገባ የከፈተውን በር በካርቶን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይስለዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ በር፣ ሁሉም ዝግ። ዘንድሮ ሲመጣ መዝገቡ አጠገብ ነበርኩ።

«ዘንድሮም በር?» አለችው።

«በር ነው፣ እትዬ።»

«እዚህ ቤት ሰው የለም?»

«እኔ ስደርስ ሰው ሁሌም ውጭ ነው የሚቆመው።»

«እጀታውን እየው እስቲ። ዝሆን ነው እንዴ የሚከፍተው?»

«መጥፎ ነው?»

«መጥፎ ነው።»

«ካምናውስ?»

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። ቁልፍ ቀራጩ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«ካምናው ይሻላል» አለች። «አሥራ አምስተኛ ነህ፤ እዚህ ጋ ፈርም።»

ሦስቱን ፎቅ የሚወጣው ይህቺን ለመስማት ነበር። ሁለት ዓመት ከልክላዋለች፤ ሁለቱንም ዓመት አኩርፎ ሄዶ በዓመቱ ሌላ በር ይዞ መጥቷል።

ዳይሬክተሩ የተሾመው ባለፈው ዓመት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ይዞ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅበት ከእግሩ ሥር ሊያስገባው። በጥር መጨረሻ ስብሰባ ጠራና ዐውደ ርእያችን «ጥራት ይጎድለዋል» አለ። ከእንግዲህ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ሥዕል ነጥብ ይሰጣል፤ ከሃምሳ በታች ያገኘ ከግድግዳው ይወርዳል፤ አንደኛ የወጣ ይሸለማል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጥበቃዎቹ «ሻርፑ» የሚሉት ሰው ነው፤ በሐሩርም በብርድም ሻርፕ ከአንገቱ አይለይም። በሬዲዮ ስለ ሥዕል ሦስት ጊዜ ተናግሯል። ሦስቱንም ሰምቻለሁ፤ የተናገረው ስለ ራሱ ነው።

አክስቴ እጇን አወጣች። «የመጣውን ሰው ሁሉ መዝግቤአለሁ፤ ትሰቀላለህ ብዬዋለሁ። አሁን ምን ልበለው?»

«እርስዎ አይጨነቁ፣ እትዬ። እርስዎ ይስቀሉ፤ መምረጡን ለባለሙያ ይተዉት።»

ጡረታዋ ስድስት ወር ቀርቶት ነበር። ከስብሰባው በኋላ እኔ ዘንድ ወርዳ አንድ የፋይል ሣጥን ላይ ተቀመጠች። «የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። «ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ሁሉም በተራው ተሰቅሎ እንዲከፈት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም። የግድግዳ ሰዓትም እንዳይሸልሙኝ።»

ኮሚቴው የካቲት 12 ሰኞ ዕለት ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነው። «ኮሚቴው በአዳራሹ ተገኝቶ እያንዳንዱን ሥራ በጥልቀት መርምሯል» ይላል። ኮሚቴው በአዳራሹ አልተገኘም። ሻርፑን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እሱ ያልወጣውን ደረጃ አይወጡም። የተገኙት በዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። ለስላሳ ያቀረበችላቸው ጸሐፊዋ ናት፤ የነገረችኝም እሷ ናት። ከሳምንት በፊት ከአክስቴ መዝገብ ገልብጣ የተየበችውን ዝርዝር ፊታቸው ዘርግተው፣ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ለሃምሳ ሦስት ሥዕል ነጥብ ሰጡ። ዝርዝሩ ላይ ሥዕል የለም። ስም፣ ሙያ፣ ርእስ፣ በምን እንደተሠራ፤ ይኸው ነው። ከስሙ ፊት «ዶክተር» ያለበት ማንም ሰው ከሰማንያ በታች አላገኘም። በእስክሪብቶ የተሠራ ማንኛውም ነገር ከአርባ አላለፈም።

ማክሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ አክስቴ እጅ ገባ። ሃያ ሦስት ሥዕል እንድታወርድ ታዛለች። ቁጥር 15፣ ቁልፍ ቀራጭ፣ «በር»፣ እስክሪብቶ፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ፤ ይወርዳል። አንደኛ የወጣው ቁጥር 14 ነበር፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «ማዕበል»፣ የዘይት ቀለም፣ ዘጠና አንድ ነጥብ። በአስተያየቱ ቦታ «ለደፋር የቀለም አጠቃቀም» ተብሎ ተጽፏል።

መምህሩ የተመዘገቡት በስልክ ነበር። «ማዕበል»ን አላመጡትም። በአሥራ ሦስትና በአሥራ አምስት መካከል የነበረው ባዶ ግድግዳና «አልመጣም» የሚል ካርድ ነው።

አክስቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወርዳ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች። «አንድ ጊዜ ወደ ላይ ብቅ ይበሉልኝ። አንደኛ በወጣው ላይ መብራት ላደርግበት ነበር፤ በየት በኩል እንደሚሻል እርስዎ ያሳዩኝ።»

ዳይሬክተሩ የሚወደውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ወዲያው ተነሳ። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ያለከልክ ነበር፤ ስድሳ ሊሞላት የቀረበችው እሷ ግን ትንፋሿ አልተዛባም። እኔ መሰላል ይዤ ቆሜአለሁ። ወስዳ ካርዱ ፊት ለፊት አቆመችው።

«ይኸውልዎ አንደኛው። በቀኝ ይሁን በግራ?»

ካርዱን አነበበ። ግድግዳውን አየ። ከዚያ ዞሮ የኋላውን ግድግዳ አየ፤ ሥዕሉ ከዚያ በኩል ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«የት ሄደ?»

«አልመጣም ይላል።»

«ኮሚቴው አይቶታል እኮ፣ እትዬ!»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነበር። የት አይተውት ነው?»

ፊቱ ላብ አወጣ። «የጽሕፈት ስሕተት ነው። ይስተካከላል» አለና ወረደ። ሃያ ሦስቱን ለጊዜው እንዳታወርድ ደረጃው ላይ ሆኖ ጮኸላት።

እንዴት እንዳስተካከሉት በዝርዝር ልጻፈው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከነሱ በቀር ማንም አይሠራም። ኮሚቴው ተመልሶ አልተሰበሰበም። ደረጃውንም አልወጣም። ዳይሬክተሩ ጸሐፊዋን «መምህሩን አጥፊያቸው» አላት። እሷም ከኮምፒውተሩ ላይ የመምህሩን ስም፣ ሙያና ርእስ አጠፋች። ከሥራቸው ያሉት ስሞች አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ከፍ አሉ። ነጥቡና አስተያየቱ ግን ባሉበት ቀሩ። ስለዚህ ከአሥራ አምስተኛው ጀምሮ ሁሉም ሰው ከፊቱ የነበረውን ሰው ነጥብ ወረሰ። የመምህሩ ዘጠና አንድ፣ ከነ«ደፋር የቀለም አጠቃቀሙ»፣ ለቁልፍ ቀራጩ ደረሰ። የቁልፍ ቀራጩ ሠላሳ አንድ ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ለተሰቀለው ለጥርስ ሐኪሙ የፀሐይ መጥለቂያ ሆነ። በዝርዝሩ ግርጌ ባለቤት የሌለው ስድሳ አራት ነጥብ ብቻውን ቆሟል። ዳይሬክተሩ ይህን ወረቀት ፈርሞበት፣ ማኅተም አድርጎበት ረቡዕ ጠዋት አወጣው። የሽልማቱ ደብዳቤም በዚያው ሰዓት ለቁልፍ ቀራጩ ተላከ።

አክስቴ ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ ወረደች። «አንተ የወረቀት ባል፣ ይህን አንብብልኝ። መነጽሬ ነው ወይስ እነሱ ናቸው?»

ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ ለዳይሬክተሩ ማስታወሻ እንደምጽፍ ነገርኳት።

«ምንም አትጽፍም» አለች። «ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ማኅተምስ?»

«አለው።»

«እንግዲህ ትእዛዝ ነው። ና ተሸከም።»

በአዲሱ ዝርዝር ከሃምሳ በታች ያሉትን ሃያ ሦስት ሥዕሎች አወረደች። እሷና እኔ እየተመላለስን ሁለት ፎቅ አውርደን ዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ደረደርናቸው። የጥርስ ሐኪሙን የፀሐይ መጥለቂያ ከፊት አደረገችው። ከጎኑ የሻርፑ ሚስት እህት የሳለችውን ፊቱን ያዞረ ፈረስ። በእያንዳንዱ ላይ ነጥቡን በትልቁ ጽፋ ለጠፈች።

ጥርስ ሐኪሙ ከምሳ በኋላ የሥዕሉን ቦታ ሊያይ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ይህ የኔ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው፣ ዶክተር» አለችው። «ሠላሳ አንድ አግኝተዋል።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

ሳያንኳኳ ገባ። ዶክተሩ ውስጥ ሆኖ የተናገረውን ለመስማት በሩን መጠጋት አላስፈለገም። ከደቂቃዎች በኋላ ዳይሬክተሩ ብቅ አለና ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ያዘዙኝን።»

«እኔ የዶክተሩ ይውረድ አልኩ?»

ወረቀቱን ሰጠችው። ያን ጊዜ ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው። ስሕተት ነው ቢል ኮሚቴው ምንም እንዳላየ ሊናገር ነው። ትክክል ነው ቢል ጥርስ ሐኪሙ ከኋላው ቆሟል፤ ፈረሱም ከፊቱ ቆሟል። ሻርፑ ስለ ሚስቱ እህት ምን እንደሚለውም ሳያስብ አልቀረም።

«ይሰቀሉ» አለ።

«የቶቹ?»

«ሁሉም! ሁሉም ይሰቀሉ። ዘንድሮ የሽግግር ዓመት ነው።»

«በጽሑፍ ያድርጉልኝ።»

በቁሙ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጻፈላት። ሁለት መስመር ናት፤ ፊርማው ጠማማ ነው። ፋይሉ ውስጥ አስገብቻታለሁ። አክስቴ ሃያ ሦስቱን መልሳ በየተራቸው ሰቀለች፤ ሐሙስ የካቲት 15 ረፋድ ላይ ሃምሳ ሁለቱም በግድግዳው ላይ ነበሩ። የፈለገችውን አገኘች። ያገኘችው ግን ትክክል ነሽ ብሏት የተቀበላት ሰው ስለነበረ አይደለም፤ አንድ ጥርስ ሐኪም ስለተቆጣ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ አልኮራችበትም።

ሽልማቱን ግን የሚያስቀረው አልተገኘም። ደብዳቤው ወጥቷል፤ ለማስቀረት ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል።

በመክፈቻው ዕለት ቁልፍ ቀራጩ ጥቁር ኮት ለብሶ ከሚስቱ ጋር መጣ። እጁን ፈግፍጎ ፈግፍጎ ቀይ አድርጎታል፤ በጥፍሮቹ ሥር ያለው የብረት ብናኝ ግን አልለቀቀም። ሻርፑ በሁለት ሰው ተደግፎ ደረጃውን ወጣ። በበሩ ሥዕል ፊት ቆሞ ከወረቀቱ ላይ «ለደፋር የቀለም አጠቃቀም» ብሎ ካነበበ በኋላ ቀና አለ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ካርቶን፣ የተዘጋ በር። የአንገቱን ሻርፕ አስተካከለ።

«በአንድ ቀለም ብቻ መወሰን» አለ፣ «ይህ ነው ድፍረት።»

ተጨበጨበ። ከሚያጨበጭቡት ግማሾቹ ሥዕሉ የቱ እንደሆነ አላዩም ነበር፤ የሚያዩት የምግቡን ጠረጴዛ ነው። ሽልማቱ ሰርተፍኬትና ሃያ አራት ቱቦ የዘይት ቀለም የያዘ ሣጥን ነበር። ፎቶ ተነሱ። ዳይሬክተሩ በፎቶው ላይ ቁልፍ ቀራጩን ክንዱን ይዞታል፤ ያመልጠኛል ያለ ይመስላል።

ሰው ወደ ምግቡ ሲጋፋ ቁልፍ ቀራጩ አክስቴ ወደቆመችበት መጣ።

«እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጥፎ ነው ሲሉኝ ነበር።»

«ስልህ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ሚስቱ ከጎኑ ቆማለች፤ ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። አክስቴ ሚስቱን አየቻት፣ ከዚያ እሱን።

«ዛሬም መጥፎ ነው» አለችው። «ካምናው ይሻላል። ማጠፊያዎቹን በደንብ ነው የሠራሃቸው። እጀታው ግን አሁንም የዝሆን ነው። ሽልማቱ የመምህሩ ነበር፤ ያልመጡት ሰውዬ። ስማቸውን ሲያጠፉ ያንተ ስም በሳቸው ነጥብ ላይ ወጣ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ኮሚቴው አላየውም ማለት ነው?» አለ።

«ኮሚቴው ያየው አሁን ነው። አንተም እያየህ።»

ሰርተፍኬቱን ጠቀለለው። ሚስቱን በክርኗ ይዞ፣ አክስቴን ደህና ይሁኑም ሳይላት ደረጃውን ወረደ። ሥዕሉን እንኳ መለስ ብሎ አላየም።

ተናደድኩባት። «ምን ነበረበት ዝም ብትይው? ማንን ይጎዳል?»

«ከርሞ ሌላ በር ይዞ ሲመጣ ምን ልለው ነው? ካምናው ይሻላል ብለው ያምነኛል?»

«ከርሞ አንቺ ጡረታ ነሽ።»

«ጡረታ ስወጣ ዓይኔንም አስረክባለሁ እንዴ?» አለችና መሰላሏን አጥፋ ሄደች።

ዐውደ ርእዩ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጋቢት 6 ተዘጋ። ዓርብና ቅዳሜ ባለ ሥዕሎቹ እየመጡ፣ መዝገቡ ላይ እየፈረሙ ወሰዱ። ጥርስ ሐኪሙ ሾፌሩን ላከ። የፈረሱ ባለቤት ፍሬሙ ተጭሯል ብላ ተጣላች፤ አልተጫረም ነበር። ሃምሳ አንድ ሰው ፈረመ። በአሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ ፊርማ የለም። አክስቴ ቅዳሜ ዕለት በር ላይ ያለውን ጥበቃ «በር የሚስለው ሰውዬ አልመጣም?» ብላ አራት ጊዜ እንደጠየቀችው ነግሮኛል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ሥዕሉን ጥሎ የቀረ ሰው የለም። አስቀያሚ የተባሉት ሁሉ ወስደዋል።

ሰኞ መጋቢት 10፣ ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት፣ ከምሳ በኋላ የበሩን ሥዕል በሁለት ድርብ ጋዜጣ ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችው። መዝገቡን በብብቷ ያዘች። «የሰው ዕቃ በመዝገቤ ላይ አስቀርቼ ጡረታ አልወጣም» አለችኝና ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ቁልፍ ቀራጩ ነው፤ ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ አልገባም ብሎ።

«ዕቃህን አልወሰድክም» አለችው ኪዮስኩ ደፍ ላይ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እትዬ።»

ኪዮስኩ ፊት አንድም ሰው አልነበረም። ወደ ቀኝም ወደ ግራም ተመለከተችና «ወረፋውን እያየሁት ነው» አለችው። ሳይወድ ሳቀ።

ከኋላው በየሚስማሩ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ራሳቸው ላይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሽልማቱ ቀለም ነዋ። ቀዩ ለውጭ በር፣ አረንጓዴው ለመኝታ ቤት። ሰው እንዳይምታታበት።»

«የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። የሰው ኪስ ታበላሻለህ።»

«ሦስት ሰው ሱሪውን ይዞ መጥቶብኛል» አለ።

«ሰርተፍኬቱስ?»

«ሚስቴ ሳሎን ሰቅላዋለች።»

«ቀጥ ብሏል?»

«የለም።»

«ተወው፤ እንደዚያው ይሻለዋል።»

ጥቅሉን ፈታ። በሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። አክስቴ አልቸኮለችም፤ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ።

«እትዬ፣ ይህን እጀታ እንዴት አድርጌ ነው የማሳንሰው?»

«መጀመሪያ በሩን ጨርስ። እጀታውን መጨረሻ ላይ አድርገው። ቁልፍ ቀራጭ ስለሆንክ ከእጀታው ትጀምራለህ፤ ከዚያ ለበሩ ቦታ ያጥርሃል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጥፎ ነው ወይ ነው ያልከኝ። እንዴት ላሻሽለው ብለህ የጠየቅከኝ ዛሬ ነው።»

ሥዕሉን ከባንኮኒው ሥር፣ ንጹሕ በሆነው ቦታ አስገባው። እሷም ከኪሷ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አወጣች፤ አንድ ብቻ ስለነበር አንድ ቅጂ ቅረጽልኝ አለችው። ቀረጸ። ቀለም ላድርግበት ወይ ሲላት «ሞክርና እይ» አለችው። መዝገቡን ባንኮኒው ላይ ከፍታ ጣቷን አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ አሳረፈች። ፊርማው አለ፤ «ሥዕሌን ተረክቤአለሁ፣ መጋቢት 10፣ ከቀኑ 9፡40»። የጣት አሻራ የሚያህል የአረንጓዴ ቀለም እድፍ ከጎኑ አለ።

በአውቶቡስ ተመለሰች። አዲሱን ቁልፍ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ሞከረችው፤ በመጀመሪያው ዞረ። ለማታው ጥበቃ አስፈርማ ሰጠችው።